አስተርጓሚ የሞተበት ስካነር

ስካነሩ አዲስ አበባ የገባው በአክስቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ወፍራም ፎጣ ተጠቅልሎ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚለቁ ሰዎች ዕቃቸውን ሲሸጡ አግኝቶ በጥቂት ዶላር ገዛው። መመሪያ የለውም፣ ሲዲ የለውም፤ ያለው ዕቃው ራሱ፣ አዳፕተሩና ፊልም የሚቀመጥበት ባለ ስድስት መስኮት የፕላስቲክ ማቀፊያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የአዳፕተሩን ጀርባ ነበር። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ዕቃ ሶኬት ላይ እንደሰኩት ያጡ ሰዎች አውቃለሁና ትንፋሼ መለስ አለ።

ጋሼ ከሶፋው ሳይነሱ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት። “ይህችው ናት?” አሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የተማሪ ምርቃት ሲያነሱ ኖረው፣ በስተርጅና ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ብዙውን ንብረት ሰው ላይ በትነውታል። ያልበተኑት ሦስት ካርቶን ነጋቲቭ ነው። ካርቶኖቹ አልጋቸው ሥር ናቸው፤ ቤት ሲጸዳ እንኳ ራሳቸው ካልሆኑ ማንም አያነሳቸውም።

ባለፈው ክረምት አንዱን ካርቶን ከፈት ሲያደርጉ አቼቶ አቼቶ የሚል ሽታ ወጣ። ሽታውን ያውቁታል። የአብዛኛው የድሮ ፊልም ገላ አሴቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየፈረሰ አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘውን ያንኑ አሲድ ያወጣል። ክፋቱ ደግሞ የወጣው አሲድ መልሶ ፍርሰቱን ማፋጠኑ ነው። አንዱ ጥቅል መሽተት ከጀመረ ያ ካርቶን በሙሉ አደጋ ላይ ነው። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይጠቀለላል፣ ምስል የያዘው ሽፋን ከገላው ይላቀቃል። የደሴ ብርድ ለዓመታት ጠብቆት ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው ቤት ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ለአክስቴ ልጅ የደወልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ላፕቶፔ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ዊንዶውስ እየከበደው ሲመጣ አንድ ጓደኛዬ ኡቡንቱ ጭኖልኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ኡቡንቱ ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመረው ሊነክስ ላይ የተሠራ ነጻ ሥርዓት ነው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፊልም ማየት ምንም ጎድሎብኝ አያውቅም። ስካነሩን በዩኤስቢ ሰካሁት። አረንጓዴ መብራት በራ፣ ውስጡ ያለው ሞተር አንዴ እርር ብሎ ዝም አለ። የስካን ፕሮግራሙን ስከፍት “ስካነር አልተገኘም” የሚል መልስ ሰጠኝ። ጋሼ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁም።

ይህ ነገር የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚደመድመው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ነው። አልተበላሸም። ስካነር ብቻውን ዲዳ ነው። ብርሃን፣ መነጽር፣ ብርሃን የሚቆጥር ዳሳሽና ያንን የሚገፋ ትንሽ ሞተር አለው፤ ነገር ግን ሞተሩ በምን ፍጥነት ይነሳ፣ መብራቱ ስንት ጊዜ ይብራ፣ የተቆጠረው ብርሃን በምን መጠን ይጉላ የሚለውን የሚነግረው ኮምፒዩተሩ ነው። የሚነግረውም በዕቃው የግል ቋንቋ፣ በቁጥሮች ነው። በመካከል ሆኖ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ሠሪዎቹ ይህን አስተርጓሚ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ዘመን ላለው ዊንዶውስና ማክ ነው። ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ አስተርጓሚውን ማሳደስ ያቆማሉ። ከዓመታት በኋላ ኮምፒዩተሩ ይቀየራል፤ የድሮው አስተርጓሚ በአዲሱ ቤት አይሠራም። ብረቱ ደኅና፣ መነጽሩ ጥርት ያለ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው ቆሻሻ ላይ የሚጣለው አስተርጓሚው ስለሞተበት ነው። ይህ ያንገበግበኛል። በተለይ የፊልም ስካነር ላይ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ አዲስ የሚሠራው ጥቂት ነው፣ ያልተነበበው ፊልም ግን በየቤቱ አልጋ ሥር ነው።

ሊነክስ ላይ ይህን ችግር የያዘው ሴን የተባለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዴቪድ ሞስበርገርና አንድሪያስ ቤክ ያስጀመሩት ሲሆን፣ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንድ ወገን ከስካነሩ ጋር በቋንቋው የሚነጋገረው ክፍል አለ፤ በሌላው ወገን ሰው የሚያየው መስኮትና ቁልፍ። በመካከላቸው ያለው ውል ለሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ለአንድ ስካነር አስተርጓሚ ቢጽፍ፣ ሴንን የሚያውቅ ፕሮግራም ሁሉ ያንን ስካነር ያውቀዋል። የተጻፈው ደግሞ ለማንም ክፍት ስለሆነ ጸሐፊው ቢደክመው ሌላው ይቀጥለዋል።

አስተርጓሚውን የሚጽፈው ሰው ቋንቋውን ከየት ይማራል? አንዳንድ ሠሪ ሰነዱን ይሰጣል። ብዙዎቹ አይሰጡም። ያኔ የሚደረገው ጆሮ መጣል ነው። የሠሪው ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ እየሠራ፣ በዩኤስቢ ገመዱ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቁጥር ይቀዳል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀየርና እንደገና ይቀዳል፤ ብርሃኑ ከፍ ሲል የቱ ቁጥር ተለወጠ? ጥራቱ ዝቅ ሲል የቱ? ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ገበያ መሐል ተቀምጦ “ስንት ነው?” የሚለውን ከድግግሞሹ እንደሚለየው ዓይነት ነው። እንደ እድል ሆኖ፣ የተለያየ ስም የተለጠፈባቸው ብዙ ስካነሮች ሆዳቸው ሲከፈት አንድ ዓይነት ቺፕ ይገኝባቸዋል። የታይዋኑ ጄኔሲስ ሎጂክ ቺፖች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ሴን ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ክፍል አለ፣ የፕላስቴክን የኦፕቲክ ፊልም ሞዴሎች ጭምር ያሠራል። ለኒኮን ኩልስካን ሌላ ክፍል አለ፣ ለኤፕሰን ሌላ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት እነዚህን ሁሉ ሳላውቅ አጠፋኋት። በሁለተኛው ቀን አንድ የኮምፒዩተር ጥገና የሚሠራ ወንድም በስልክ “መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ያየው እንደሆነ ጠይቂ” አለኝ። ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፈትኩ። ኤልኤስዩኤስቢ የምትባል ትእዛዝ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቁጥር ታወጣለች፣ አንደኛው የሠሪው፣ ሁለተኛው የሞዴሉ። የእኔ ስካነር እዚያ አለ። ስለዚህ ገመዱም ዕቃውም ደኅና ናቸው። ቀጥሎ ሴን የሚያውቃቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ስናይ የእኔ ሞዴል ተጽፏል፤ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሴን ግን የቆየ ስለሆነ ያንን ሞዴል ገና አላወቀውም። እኔ የምጠቀመው የ2020ን የኡቡንቱ እትም ነበር። ሞዴሉን የጨመሩት ሰዎች ሥራቸውን ያወጡት እትሙ ከተዘጋ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ላድሰው ወይስ ልተው ብዬ ስወዛገብ፣ ያ ወንድም የነገረኝ ነገር ለማንም የሚጠቅም ነው። ሊነክስን ሳይጭኑ መሞከር ይቻላል። የ2022ን እትም ፍላሽ ላይ አወረድኩ፤ ሦስት ጊጋባይት ተኩል ያህል ስለሆነ ሌሊቱን አደረ። ጠዋት ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳሁት። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ነገር ሳይነካ አዲሱ ኡቡንቱ ከፍላሹ ተነሳ። የስካን ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አሁንም “አልተገኘም።”

ማልቀስ ዳዳኝ። ግን ያንኑ ጥያቄ ተርሚናሉ ላይ ሱዶ ብዬ፣ ማለትም በባለቤትነት ሥልጣን፣ ስጠይቅ የስካነሩ ስም ተጽፎ ወጣ። ለተራው ተጠቃሚ የለም፤ ለባለቤቱ አለ።

ይህች እንቆቅልሽ የሊነክስ ጠባይ ናት፤ አንዴ የገባው ሰው አይረሳትም። ሊነክስ ከዩኒክስ የወረሰው ልማድ ዕቃን ሁሉ እንደ ፋይል ማየት ነው። ስካነሩ በተሰካ ቁጥር አንድ ፋይል ይወለዳል። ፋይል ደግሞ ባለቤት አለው፣ ማን ይንካው ማን አይንካው የሚል ፈቃድ አለው። ዩኒክስ የተሠራው ብዙ ሰው አንድ ኮምፒዩተር በሚካፈልበት ዘመን ስለነበር ጥንቃቄው ትክክል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ፈቃዱን የሚያድለው ዩዴቭ የሚባል ዘበኛ ነው፤ እጁ ላይ የሠሪና የሞዴል ቁጥሮች የተጻፉበት ዝርዝር አለ። ቁጥሩ ዝርዝሩ ላይ ያለን ዕቃ “የስካነር ነው፣ ሰዎቹ ይጠቀሙበት” ብሎ ያሳልፋል። የሌለውን ለባለቤቱ ብቻ ይተወዋል። የእኔ ስካነር ቁጥር ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። መፍትሔው አንድ መስመር መጻፍ ነው። ሁለቱን ቁጥር አስገባሁ፣ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ስሙ ያለ ሱዶ ወጣ። ብዙ ሰው ፕሮግራሙን ሁልጊዜ በሱዶ ያስነሳና ይገላገላል፤ አይሁን። ስካነር ለማሠራት ተብሎ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ለአንድ ፕሮግራም አይሰጥም፤ ስካን የተደረገው ፋይልም የባለቤቱ ሆኖ ይቀርና በኋላ መክፈትና መሰረዝ ሌላ ጣጣ ነው።

ዋናውን ላፕቶፕ ያደስኩት ይህን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ፊልም ጋሼ ራሳቸው መረጡ። ጥቁርና ነጭ ነው። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱትና “ምርቃት ነው፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት” አሉ። እኔ የማየው ጥርሳቸው የጠቆረ፣ ፀጉራቸው የነጣ ልጃገረዶች ነው፤ እሳቸው ነጋቲቩን ልክ እንደ ፎቶ ያነቡታል። ማቀፊያው ውስጥ አስገባነው።

ጥራቱን መጨረሻው ላይ አደረግኩት፣ 7200። ስህተት ነበር፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ማስላት ነበረብኝ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ኢንች 7200 ነጥብ ሲቆጠር 10,205 በ6,803 ፒክስል ይሆናል፤ ወደ 69 ሚሊዮን ነጥብ ነው። እያንዳንዱን ነጥብ በሦስት ቀለምና በ16 ቢት ሲያስቀምጡት አንዱ ምስል ከ400 ሜጋባይት ያልፋል። ላፕቶፔ አቃሰተ። ምስሉ ሲመጣም አጉልቼ ሳየው የተጨመረ ዝርዝር የለውም፤ ለስላሳ ነው። የዚህ ዓይነት ስካነር መነጽር ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያህል አይለይም። በ3600 ሲደረግ 5,102 በ3,402 ፒክስል፣ ወደ 17 ሚሊዮን ነጥብ፣ 104 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የልጃገረዶቹ የአንገት ሐብል እንኳ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ 3600ን አልለቀቅኩም።

ሁለተኛው ምስል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ስካነሩ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ፕሮግራሙም አብሮ ደረቀ። መብራት ሲመለስ ሞተሩ መነሻውን ፈልጎ አገኘ። ጋሼ “የእኛም ዘመን እንዲሁ ነበር፤ ጨለማ ክፍል ገብተን ወረቀቱ መድኃኒት ውስጥ እንዳለ ይሄድ ነበር” አሉ። እስከዚያች ሰዓት የእኔን ሥራ ሥራዬ ብለው አላዩትም ነበር። ከዚያ በኋላ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

አጠገቤ መሆናቸው ወዲያው ጠቀመኝ። ሦስተኛውና አራተኛው ምስል ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ቀጭን መስመር ነበር፤ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ። እኔ ፊልሙ የተጫረ መሰለኝ። ጋሼ “ጭረት ከሆነ ለምን ምስል ሲቀያየር ቦታውን አይቀይርም? ይሄ የመሣሪያው ነው” አሉ። ልክ ነበሩ። ስካነሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ባዶ ብርሃን ያይና እያንዳንዱ የዳሳሹ ነጥብ ስንት እንደሚቆጥር ይመዘግባል፤ ካሊብሬሽን ይሉታል። በዚያች ቅጽበት በብርሃኑ መንገድ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ካለች፣ በእሷ ትይዩ ያለው ነጥብ ሒሳቡ ተዛብቶ ምስሉን ሙሉ በመስመር ያልፋል። ጋሼ ከመሳቢያቸው የጆሮ ማጠቢያ ጎማ አወጡ። ሌንስ ሲያጸዱበት የኖሩት ነው። ሁለት ጊዜ ነፉበት፣ መስመሩ ጠፋ።

ጥቁርና ነጩ በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት ወሰደ። ማታ ማታ ብቻ ነበር የምንሠራው። አንዲት አጭር ትእዛዝ ፋይል ላይ ጽፌ ለየምስሉ ስም ራሷ እንድትሰጥና እንድታስቀምጥ አደረግኩ፤ ይህ ሊነክስ የሰጠኝ ትልቁ እረፍት ነው። ጋሼ ማቀፊያውን አንድ መስኮት ይገፋሉ፣ እኔ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። በዚያች ሁለት ደቂቃ የሰውየውን ስም፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዕዳውን ከፍሎ እንደነበር ይነግሩኛል። ስማቸውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ ከስካኑ ያነሰ ዋጋ የለውም።

የቀለም ፊልም ላይ ስንደርስ ሌላ ትምህርት ተጀመረ። የቀለም ነጋቲቭ ብርቱካናማ ነው። ብዙ ሰው ያረጀ ይመስለዋል፤ ሲወለድም እንዲሁ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ፍጹም ስላልሆኑ፣ መዋጥ የሌለባቸውን ብርሃን ጥቂት ይውጣሉ፤ ያንን ለማካካስ ብርቱካናማው ሆን ተብሎ ተጨምሯል። ስለዚህ ነጋቲቩን ዝም ብሎ መገልበጥ ሰውን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። ዳርክቴብል የተባለው ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ነጋዶክተር የሚባል መሣሪያ አለው። ምስል ያልያዘውን የፊልም ጠርዝ ታሳየዋለህ፣ “ይህ ባዶው ነው” ትለዋለህ፤ ከዚያ የቀረውን ከባዶው እያወዳደረ ያሰላል። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ቬሎ በጥቂት ደቂቃ ነጭ ሆነ። ለሊነክስ በክፍያ የሚገኝ ቪውስካን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ኤድ ሃምሪክ የጀመረው፤ መገልበጡንም ስካኑንም አንድ ላይ ይሠራል። በዶላር መክፈል የሚችል ሰው ቢገዛው አልቃወምም። እኛ አልገዛንም።

ከሁሉ ያስገረመን ግን ኢንፍራሬዱ ነው። የእኔ ስካነር ዓይን የማያየው አራተኛ ብርሃን አለው፤ ሴን ውስጥ እንደ ሌላ የብርሃን ምንጭ ይመረጣል። የቀለም ፊልም ቀለሞች ኢንፍራሬድን ያሳልፋሉ። አቧራና ጭረት አያሳልፉም። ስለዚህ አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ስካን ስታደርግ፣ አንደኛው ሠርጉን ያሳያል፣ ሁለተኛው ሠርገኛ የሌለበትን፣ ቆሻሻው ብቻ የቀረበትን ነጣ ያለ ሜዳ። ሁለተኛውን እንደ ካርታ ይዞ ከአንደኛው ላይ ጉድፉን ማንሳት ይቻላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አይሆንም፤ ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፣ ብር ደግሞ ኢንፍራሬድን ስለሚጋርድ ካርታው የሰውየውን ፊት ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል።

ጋሼ ይህን ባዶ ሜዳ ማየት ወደዱ። ምስሉ ሳይሆን እሱ ሲመጣ ይጠጋሉ። የአንድ የጥምቀት ፊልም አራተኛ ቁራጭ ላይ፣ ባዶው ሜዳ ጥግ ላይ አንድ ነገር ነበር። ጭረት አይደለም። አጎላሁት። የጣት አሻራ ነው፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።

“የማን ነው?” አልኩ።

መልስ ለመስጠት ቆዩ። ከለር ፊልም የሚታጠበው አዲስ አበባ ተልኮ ነበር፤ ጥቅሉ ታጥቦ ሲመለስ በስድስት በስድስት እየቆረጠች ፖስታ ውስጥ የምታስገባው ባለቤታቸው ነበረች። እኔ እቴቴ የምላት። ካረፈች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። “ጠርዙን ያዢ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣልቻታለሁ” አሉ ጋሼ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አዩ።

ማጽጃውን ላስነሳ እጄን ወደ ቁልፉ ሳቀርብ “እሱን አትንኪው” አሉኝ።

ሁለቱንም አስቀመጥኩ፤ ጥምቀቱን ለብቻ፣ ባዶውን ሜዳ ለብቻ። ፋይሉን ምን ብዬ ልሰይመው ብዬ ስጠይቃቸው የእቴቴን ስም አስጻፉኝ። ከዚያ ማቀፊያውን አንድ መስኮት ገፉት።